የቢላዋዬ እጀታ ላላ፤ ከመሠረቱ እንዴት ልሥራው?

አዲስ ስለት (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፎቻችሁን ሳነብ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደክሜ የሠራሁት ነገር በእጄ ላይ ሲፈርስ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከአሮጌ ሞረድ ቀጥቅጬ አንድ ቢላዋ ሠርቻለሁ። ስለቱ 16 ሳንቲሜትር ነው። ብረቱ በደንብ ጠንክሯል፣ ሲሳልም ስለት ይይዛል፤ በእርሱ በኩል ቅሬታ የለኝም። ችግሩ እጀታው ነው። ወደ እጀታው የሚገባው ጭራ 9 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ትከሻው (ጭራው ከስለቱ የሚነሣበት ቦታ) ጋ 12 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ጫፉ ላይ 6 ሚሊሜትር ይሆናል። ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ነው።

ለእጀታው የወይራ ቅርንጫፍ ቆርጬ ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ አቆየሁት። ከዚያ ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ አስሬ ክብ አድርጌ ቀረጽኩት፣ አንገቱ ላይ የነሐስ ቀለበት አስገባሁ፤ በመጨረሻ ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚገጠም መቆንጠጫ) ላይ አስሬ በእጅ መሰርሰሪያ 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ በሳሁለት። ቀዳዳው ወደ አንድ ጎን ሸሸብኝ። ቢሆንም ጭራውን ከትቼ ዙሪያውን በአምስት ደቂቃ በሚደርቅ ማጣበቂያ ሞላሁት። ያን ዕለት ሲታይ ያምር ነበር።

በሁለተኛው ወር ቀለበቱ በጣት ሲነካ መሽከርከር ጀመረ። ቀጥሎ ከአንገቱ ተነሥቶ እስከ መሐል የሚደርስ ስንጥቅ ወጣ። አሁን ስለቱን ይዤ ሳወዛውዘው ጭራው እጀታው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። በዚያ ላይ እጀታው ድቡልቡል ስለሆነ እጄ ሲረጥብ ቢላዋው መዳፌ ውስጥ ይዞራል። ባለፈው ሳምንት ዞሮ አውራ ጣቴን ቆርጦኛል።

ስለቱን መጣል አልፈልግም። እጀታውን አውጥቼ እንደገና ልሠራው ወስኛለሁ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ሳላውቅ ሌላ እንጨት ማባከን ግን አልሻም። የምታውቁ እርዱኝ።

የወይራ ጉቶ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25)

ጣትዎን ይማርልዎ።

የዘረዘሩት ጉዳት ብዙ ቢመስልም ስንጥቁና የቀለበቱ መላላት ምንጫቸው አንድ ነው፤ እንጨቱ እርጥብ ነበር። እንጨት ውስጥ ያለው ውኃ በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ በቱቦዎቹ ክፍት ቦታና በቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ። መጀመሪያ የሚወጣው የቱቦዎቹ ውኃ ነው፤ ያኔ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። የቀረው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ የግድግዳው ውኃ መውጣት ይጀምራል፤ መኮማተር የሚባለውም ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት የቆየ ቅርንጫፍ እንግዲህ መኮማተር ሊጀምር ሲል ነው እርስዎ ልክ አውጥተው፣ ቀለበት አጥልቀው የጨረሱት።

ቅርንጫፍ መሆኑም ሌላ መዘዝ አለው። እንጨት በቁመቱ የሚኮማተረው ከቁጥር አይገባም። ከመሐል ወደ ውጭ ባለው አቅጣጫ ግን በአማካይ 4 በመቶ፣ በዓመት ቀለበቶቹ ዙሪያ ደግሞ 8 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ ይህ ከእርጥብ እስከ ፍጹም ደረቅ ያለው ነው። ዙሪያው ከመሐሉ እጥፍ ያህል ሲያጥር ልቡን በመሐሉ የያዘ ድቡልቡል እንጨት አንድ ቦታ መሰንጠቁ አይቀርም። እርስዎ ደግሞ ልቡ ላይ የማይታጠፍ ብረትና የደረቀ ማጣበቂያ ከተቱበት። አንገቱ 22 ሚሊሜትር ቢሆን ኖሮ ሲደርቅ ወደ 1 ሚሊሜትር ያህል ያጣል። ነሐሱ አብሮት አይኮማተርም፤ ስለዚህ ላላ።

ወይራ ለእጀታ ግሩም እንጨት ነው፤ ከባድ፣ ቃጫው የተጠላለፈ፣ ዘይት ያለው። አይጥሉት። ከወፍራም ግንድ ልቡን ወደ ጎን ትተው ይሰንጥቁ፤ 40 በ40 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 15 ሳንቲሜትር አድርገው ይቁረጡ፤ ሁለቱን ጫፎች የቀለጠ ሰም ይቀቡ። ውኃ ከጎን ይልቅ በተቆረጠው ጫፍ በኩል እጅግ ፈጥኖ ይወጣልና ጫፉ ቀድሞ ደርቆ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። የቆየው ልማድ ለ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይላል። እኔ የምተማመነው በሚዛን ነው፤ በየሳምንቱ እመዝነውና ክብደቱን እላዩ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ቁጥሩ ካልተለወጠ ደርቋል። መጠበቅ ካልቻሉ የተሰበረ የጠንካራ እንጨት ወንበር እግር ይፈልጉ፤ ለዓመታት ቤት ውስጥ የደረቀ እንጨት ከዚያ የተሻለ አያገኙም።

ባለ ቶርኖ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10)

ልጄ፣ ስለ እንጨቱ የወይራ ጉቶ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ አልደግመውም። እኔ ያሳሰበኝ የሥራህ ቅደም ተከተል ነው። ቀርጸህ፣ ቀለበት አስገብተህ፣ ከዚያ በሳህ። ይህ የተገለበጠ ነው። እንጨቱ የፈለገውን ያህል ደረቅ ቢሆን እንኳ እንዲህ የተሠራ እጀታ ይላላል።

ቀዳዳውን አስቀድመው። ፑንታ፣ ማለትም የመሰርሰሪያው መብሻ ብረት፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ የቃጫውን መንገድ ይከተላል፤ የሰው እጅ ቀጥ አድርጎ ይዞት ሳለ እንኳ 9 ሳንቲሜትር ላይ 2 እና 3 ሚሊሜትር ይሸሻል። ውጩ ከተቀረጸ በኋላ የሸሸ ቀዳዳ በምንም አይታረምም፤ አንዱ ጎን ስስ ሆኖ ይቀራል፣ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ገና ያልተቀረጸ እንጨት ላይ የሸሸ ቀዳዳ ግን ምንም ጉዳት የለውም። ውጩን ከቀዳዳው ተነሥተህ ታወጣዋለህና ዞሮ ዞሮ መሐል ላይ ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት ማዕዘኑን እንጨት በባለ አራት መንጋጋ መያዣ እሰረው። ፑንታውን በቶርኖው የኋላ ራስ (ከመያዣው ፊት ለፊት ባለው፣ በማይዞረው ድጋፍ) ላይ አድርግ፤ እንጨቱ ይዞራል፣ ፑንታው አይዞርም። ፍጥነቱ በደቂቃ 500 ዙር ይበቃል። በመጀመሪያ በአጭርና ወፍራም ፑንታ ጥቂት አስጀምረው፤ አለዚያ ቀጭኑ ገና ሲነካ ይታጠፋል። ጭራህ 5 ሚሊሜትር ስለሆነ ፑንታህም 5 ይሁን። ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፦ መደበኛው የ5 ሚሊሜትር ፑንታ ጠቅላላ ርዝመቱ 86 ሚሊሜትር ነው፣ የሚቆርጠው ክፍል ደግሞ 52 ብቻ። አንተ የምትፈልገው 92 ነው። ስለዚህ ረጅም ፑንታ ፈልግ፤ በየ10 ሚሊሜትሩም እያወጣህ ፍርፋሪውን አራግፍ። ፍርፋሪ ሲታጨቅ ፑንታው ይግላል፣ እንጨቱን ያቃጥላል፣ መንገድም ይስታል።

ቀዳዳው ካለቀ በኋላ እንጨቱን አዙረህ የኋላውን ራስ ሾጣጣ ጫፍ ቀዳዳው አፍ ውስጥ አስቀምጠው። ከዚህ በኋላ የምትቀርጸው ሁሉ ከቀዳዳው አፍ እኩል ይርቃል። ማዕዘኖቹን በጎድጓዳ መሮ ስታወርድ በ1000 ዙር ጀምር፤ ክብ ሲሆን ወደ 2000 ከፍ አድርግ። የመሮው ማስደገፊያ ከእንጨቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይራቅ፤ ሞተሩን ከመክፈትህ በፊት በእጅህ አንድ ዙር አዙረህ የሚነካ ነገር አለመኖሩን እይ። የመሮው ጀርባ እንጨቱን ሳይደገፍ አፉ አይንካው። እጅጌህን ሰብስብ፣ ጓንት አታድርግ፣ ፊትህን በመከላከያ ሸፍን።

ቀለበቱን በተመለከተ፤ የሚቀመጥበትን አንገት በካሊፐር እየለካህ ከቀለበቱ ውስጠኛ ልክ የፀጉር ያህል አብልጠህ ተወው፣ አፉን ትንሽ አሹለውና በሞርሳ ተጭነህ አስገባው። አንዳንዱ ቀለበቱን አግሎ ሲያጠልቅ አያለሁ። የ22 ሚሊሜትር ነሐስ በ100 ዲግሪ ቢግል የሚሰፋው የሚሊሜትር መቶኛ 4 ብቻ ነው፤ እርሱን ተማምነህ እንጨቱን አታቃጥል።

ሞረድ በእጅ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡05)

ባለ ቶርኖ ስለ ቀዳዳው አቅጣጫ በሚገባ አስረድተዋል። እኔ ስለ ቅርጹ ልጨምር፤ የወንድማችን ጭራ ጠፍጣፋ ሳለ የበሳው ቀዳዳ ግን ድቡልቡል ነው። 12 በ5 የሆነ ብረት 12 ሚሊሜትር ድቡልቡል ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ከሁለቱ ጎኖቹ ያለው ባዶ ቦታ ተደምሮ መሐሉ ላይ ከብረቱ ውፍረት ይበልጣል። ያን ሁሉ የሞላው ማጣበቂያ ነው፤ ቢላዋውን የያዘው ማጣበቂያው እንጂ እንጨቱ አልነበረም ማለት ነው። የአምስት ደቂቃው ዓይነት ደግሞ ቀስ ብሎ ከሚደርቀው ደካማ ነው፣ ውኃም ቶሎ ይጎዳዋል።

ከ5 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ በኋላ ያለው ሥራ የእጅ ነው፤ እኔም የምወደው ይህን ክፍል ነው። የብረት መጋዝ ስለት ሰብረህ ጥርሱን ወደ አንተ አዙረው፣ መያዣውን በጨርቅ ጠቅልለው፤ ሁለት ስለት ጎን ለጎን ብታስር ይበልጥ ይሰፋልሃል። በእርሱ ከቀዳዳው ወደ ላይና ወደ ታች እየሳብክ ፍቀህ አስፋው፤ አፉ ጋ 12፣ ወደ ውስጥ እየጠበበ። ከዚያ ጭራውን በሻማ ጥላሸት አጥቁረህ ከተው፣ አውጣው። ውስጥ የነካበት ቦታ ጠቁሮ ይታይሃል፤ የጠቆረውን ብቻ ፋቅ። ደግመህ ከት። ሃያ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ትከሻው ከቀለበቱ ፊት ሊገጥም 5 ሚሊሜትር ሲቀረው መግፋት እስኪያስቸግር ድረስ መጥበቅ አለበት። ያለ ማጣበቂያ ገልብጠህ ስትይዘው ቢላዋው ካልወደቀ ሥራህ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ለማጣበቂያው የወረቀት ሁለት እጥፍ ያህል ክፍተት የምትሰጠው።

ቶርኖ የሌለው ሰው እንዲህ ያድርግ፦ እንጨቱን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቆ በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ የጭራውን ግማሽ ውፍረት በመሮ ይቦርቡር፣ ከዚያ አጋጥሞ ያጣብቅ። መጋጠሚያው በደንብ ከተላገ መስመሩ አይታይም። ብዙ እጀታ በዚህ መንገድ ሠርቻለሁ፤ በመጋጠሚያው የተከፈተብኝ የለም።

የእሳት ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30)

ይህን ሁሉ መፋቅ ምን አስፈለገ? ጭራውን አግሎ ማስገባት ከጥንት ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው። የጋለው ብረት ራሱ የራሱን ቅርጽ አቃጥሎ ይወጣል፤ ከዚያ የተሻለ መግጠም በመሮም ሆነ በሞረድ አይገኝም። እኔ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጭራውን ብቻ አግላለሁ። ለሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ ገፋ ማድረግ ነው።

ባለ ቶርኖ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)

የእሳት ልጅ፣ ዘዴው ጥንታዊ መሆኑን አልክድም፤ እኔም የተማርኩት በእርሱ ነው። ለዚህ ልጅ ግን አልመክርለትም። ብረቱ ሞረድ ነበረ ብሎናል። እንዲህ ያለ ብረት ከተጠነከረ በኋላ እንዳይሰባበር በልኩ የሚለዝበው ከ180 እስከ 230 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንጨት አቃጥሎ የሚገባ ጭራ ከዚያ እጅግ በላይ የጋለ ነው፤ ሙቀቱም በትከሻው አልፎ ወደ ስለቱ ይሄዳል። ጨርቁ ሲደርቅ ሳታየው ተረከዙ (ስለቱ እጀታው አጠገብ ያለው ክፍል) ጋ ሰማያዊ ቀለም ከወጣ፣ ያ ቦታ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል፤ ስለት መያዙም አብቅቷል። ጭራው ራሱ ቢለዝብ ግን ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም፤ መታጠፍ ከመሰበር ይሻላልና።

ማቃጠል የሚወድ ሰው ከሌላ ተራ ብረት የጭራውን አምሳያ በሞረድ ያውጣ፤ እርሱን እያጋለ ያስገባ፤ ስለቱ እሳት አጠገብ አይድረስ። የቀረውን ከሰልም ፍቆ ያውጣ፤ ማጣበቂያ የላላ ከሰል ላይ ተጣብቆ የሚይዘው ከሰሉን እንጂ እንጨቱን አይደለም።

የእሳት ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50)

የአምሳያው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ተቀብያለሁ። ከእንግዲህ እንዲያ ነው የማደርገው። የተረከዝ ስለት የለዘበብኝ አንድ ቢላዋ አለኝ፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ በመሳያው ድንጋይ ሳመካኝ ነበር።

አዲስ ስለት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ ባለ ቶርኖ፣ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፌ ቶርኖው ላይ ለጥፌዋለሁ። የእጀታው መዞር ግን እንዴት ይፈታል? ቶርኖ የሚያወጣው ድቡልቡል ነው፤ እኔ ደግሞ ድቡልቡል ነው የቆረጠኝ። ቶርኖውን ልተወው?

ሞረድ በእጅ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20)

ተወው ባልልም፣ ቶርኖ ላይ ባለህበት አትጨርስ። የቢላዋ እጀታ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ሳታየው ለመዳፍህ መንገር አለበት። ድቡልቡል እጀታ ይህን አይነግርህም። ክብ አድርገህ ካወጣኸው በኋላ ሁለቱን ጎኖች በመላጊያ ወይም በእንጨት ሞረድ አሳሳቸው፤ ከላይ ወደ ታች ከፍ ያለ፣ ከጎን ወደ ጎን ጠበብ ያለ እንዲሆን። ዐይንህን ጨፍነህ አንሣው፣ ስለቱ ወዴት እንደሆነ ተናገር፣ ከዚያ ዐይንህን ግለጥ። ሁልጊዜ ልክ ከሆንክ እጀታው አልቋል።

ባለ ቶርኖ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00)

ሞረድ በእጅ የተናገረው ፈተና ድንቅ ነው። ነገር ግን ቶርኖም ሞላላ ያወጣል፤ መሐሉን ማዛወር ብቻ ነው። በዝርዝር ልጻፈው፤ ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ከሠሩት ግን ቀላል ነው።

በመጀመሪያ እንጨቱን በእውነተኛው መሐል 31 ሚሊሜትር ክብ አድርገው፤ የቀለበቱንም አንገት እዚያው ጨርስ፤ አንገቱ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳውን በልኩ በተጠረበ የእንጨት ውታፍ አጥብቀህ ድፈን፤ አለዚያ አዲሶቹ ነጥቦች ቀዳዳው አፋፍ ላይ ያርፉና እንጨቱ ይሸረፋል። ከዚያ በሁለቱም ጫፎች ላይ የስለቱን አቅጣጫ በእርሳስ አስምር፤ ይህን መስመር በመሐል አቋርጠህ ሌላ መስመር ስጥ፤ በሁለተኛው መስመር ላይ ከመሐል ግራና ቀኝ 3.5 ሚሊሜትር ላይ ነጥብ ምታ። ልብ በል፣ ነጥቦቹ ስለቱን በሚያቋርጠው መስመር ላይ ናቸው። በስለቱ መስመር ላይ ብትመታቸው እጀታው ወርዱ ወደ ጎን የሆነ ይወጣልሃል።

አሁን እንጨቱን በግራዎቹ ነጥቦች እሰረውና ቅረጽ፤ ከዚያ በቀኞቹ። ከየነጥቡ 15.5 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ስትደርስ አቁም። የሁለቱ ክቦች መጋጠሚያ ወደ ጎን 24፣ ወደ ላይ 30 ሚሊሜትር የሆነ ሞላላ ይሆናል። ከላይና ከታች የሚቀሩትን ሁለት ስል ጠርዞች በብርጭቆ ወረቀት ታለዝባቸዋለህ። መሐሉ የተዛወረ እንጨት ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ከ1000 ዙር አትለፍ፣ ማስደገፊያውንም በሰፊው ጎን ለክተህ አርቀው። ሲዞር ጠርዙ እንደ ጥላ ስለሚታይ ጣትህ እዚያ እንዳይደርስ።

አሮጌ ቢላዋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡35)

የተወያያችሁበትን በደስታ አነበብኩ። ስለ ማጣበቂያ አንድ ነገር ልጨምር። ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚጠነክረው ማጣበቂያ) ከመምጣቱ በፊት ቢላዋ ሠሪዎች የዛፍ ሙጫ ከንብ ሰምና ከጡብ ዱቄት ወይም ከአመድ ጋር አቅልጠው ቀዳዳውን ይሞሉ ነበር። ሙጫው ይበዛል፣ ሰሙ ጥቂት ሆኖ እንዳይሰባበር ያለዝበዋል፣ ዱቄቱ አካል ይሰጠዋል። ትልቁ ጥቅሙ ሲሞቅ መላላቱ ነው፤ እጀታው ቢያረጅ ስለቱ ሳይጎዳ ይወጣል። ጉድለቱም ያው ነው፤ ፍል ውኃ አይወድም።

በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5000 ዓመት በላይ የቆየው ሰው ትንሽ የባልጩት ቢላዋ ይዞ ነበር። የድንጋዩ ስለት በእንጨት እጀታ ውስጥ ገብቶ በእንስሳ ጅማት ታስሯል። ይህን ሳስብ ይገርመኛል፤ ያ ሰው ብረት ቀጥቅጦ አያውቅም፣ ስለትን ከእንጨት ማጋባት ግን እኛ ዛሬ ከምንጨነቅበት ጭንቀት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እንዳይወዛወዝ፣ እንዳይወጣ።

ለወንድማችን ግን ኢፖክሲ ይሻላል፤ 24 ሰዓት የሚፈልገውን ዝግተኛውን። ጭራውን በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ በአልኮል አጥበው፣ ከዚያ በኋላ በጣት አይንኩት። ማጣበቂያውን በቀጭን እንጨት ከቀዳዳው ሥር ጀምረው ይሙሉ። ከላይ ካፈሰሱት አየር ሥሩ ታምቆ ይቀርና ጭራውን ሲገፉት መልሶ ይገፋዎታል። እኔ በጭራው አንድ ጎን ላይ በሞረድ ቀጭን ቦይ እስባለሁ፤ አየሩና ትርፉ በዚያ ይወጣሉ።

የወይራ ጉቶ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡45)

አሮጌውን እጀታ ሲያወጡ ስለቱን አስቀድመው በወፍራም ካርቶንና በፕላስተር ይጠቅልሉት። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚቆረጠው ቢላዋውን ሲጠቀም ሳይሆን እጀታውን ሲሠራ ነው። እንጨቱ ተሰንጥቋልና በመሮ ከፍለው ያውጡት፤ ጭራው ላይ የቀረው ማጣበቂያ ፍል ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይላላል። የፈላ ውኃ 100 ዲግሪ አይዘልምና ብረቱን አይጎዳም።

ጭራው ሲወጣ ትከሻውን በደንብ ይመልከቱ። ጭራውና ስለቱ የሚገናኙበት ማዕዘን ስል ሆኖ ከተቆረጠ ኃይሉ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል፤ አንድ ቀን እዚያው ይሰበራል። በክብ ሞረድ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያህል ያለዝቡት።

አዲስ ስለት (ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡20)

ሰላም ናችሁ? ዝም ያልኩት እየሠራሁ ስለነበረ ነው።

የወይራውን ግንድ ሰንጥቄ፣ ጫፉን ሰም ቀብቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ለሚመጣው ዓመት ነው። ለአሁኑ ዋልነት ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ የተሰበረ ወንበር እግር አገኘሁ። በየሳምንቱ መዘንኩት፤ ቁጥሩ ከ312 ግራም አልተነቃነቀም።

አሮጌውን እጀታ ስከፍለው ያላችሁት ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በአንዱ ጎን የእንጨቱ ግድግዳ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነበር፤ ስንጥቁም በትክክል በዚያ በኩል ነው የሄደው። ትከሻው ማዕዘን ላይ በማጉያ መነጽር ስመለከት ስል ሆኖ አገኘሁትና በክብ ሞረድ አለዘብኩት።

የመጀመሪያው እንጨት ተበላሸብኝ። በአንዱ ጫፍ ላይ የሁለቱን ነጥቦች ግራና ቀኝ አቀያይሬ ስለያዝኩ ቅርጹ ተጠማዘዘ። ሁለተኛው ላይ ግራዎቹን በቀይ፣ ቀኞቹን በጥቁር እርሳስ ቀለምኩ፤ ያኔ ተሳካ። 24 በ30 ይሆናል ያላችሁት 24.5 በ30 ሆኖ ወጣ። ቀዳዳውን በመጋዝ ስለት ፍቄ ለማስተካከል ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል፤ ጥላሸቱ ግን እንደ መምህር ነው፣ የቱ ጋ መፋቅ እንዳለብኝ በእያንዳንዱ ጊዜ ነገረኝ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ገልብጬ ያዝኩት፤ አልወደቀም። ብቻዬን ነበርኩ፤ ቢሆንም ጮኽኩ።

ኢፖክሲው ሙሉ ቀን ከቆየ በኋላ በ120 ጀምሬ፣ በ180፣ በ240 እና በ320 ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) አለሰለስኩት። የዐይን መጨፈን ፈተናውን ዐሥር ጊዜ አደረግኩ፤ ዐሥሩንም አወቅሁ። እጄ እርጥብ ሆኖም አይዞርም።

የቀረኝ ዘይት መቀባት ነው። የተልባ ዘይት አለኝ። ልቀባው ወይስ ሌላ የሚቀድም ነገር አለ?

ሞረድ በእጅ (እሑድ፣ ከቀኑ 10፡05)

እንኳን ደስ ያለህ! ዐሥር ከዐሥር ማለት ትልቅ ነገር ነው።

ከዘይቱ በፊት እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሰው፣ ይድረቅ። ቃጫው ተነሥቶ ይሻክራል፤ በ320 ቀስ ብለህ ዳብሰው። ሁለት ጊዜ ይህን ካደረግክ በኋላ ውኃ ሲነካው አይሻክርም። ከ400 በላይ አታለስልሰው፤ መስተዋት የመሰለ እጀታ ያንሸራትታል።

የወይራ ጉቶ (እሑድ፣ ከቀኑ 10፡40)

ዘይቱን በጣም ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልጠጣውን ጠርገው ያንሡ። ያልፈላ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይደርቡ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበቃል፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት የንብ ሰም።

የጠረጉበትን ጨርቅ ግን ጨብጠው ጥግ ላይ አይጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙቀት ያወጣል፤ ተጨማድዶ የተቀመጠ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ማንም ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። ውጭ ላይ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ዛሬውኑ፣ ከመተኛትዎ በፊት።

አዲስ ስለት (እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15)

የመጀመሪያውን ዘይት ቀባሁ። የዋልነቱ መስመር ጠይም ሆኖ ወጣ፤ ፎቶ ነገ በብርሃን አነሣለሁ። ጨርቁ ውጭ ገመድ ላይ ተዘርግቷል።